ጉልበት አትጨምርበት

ልጄ፣ የአጎትህ አየር ጠመንጃ እጅህ እንደገባ ሰምቻለሁ። ፈታተህ ሞላውን ቀይረህ «ልታጠነክረው» ማሰብህንም እንዲሁ። ከተማችን ግንደወይን ላይ ወሬ ማደሪያ አያጣም። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ከሰበረ በኋላ ነው፤ አንተ ካቻቢቴ ሳታነሣ መጠየቅህን ወድጄልሃለሁ። በቃል ብነግርህ ግማሹን በረንዳው ላይ ጥለኸው ስለምትሄድ ጻፍኩልህ። ቁጥር የሰጠሁትም አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው እንዳትዘል ነው።

1. ከብረቱ በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝም ሆነ ማዘዋወር በአባት በአያት ልማድ የሚኬድበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። «ይኼ እኮ አየር ነው፣ ባሩድ የለውም» የሚሉህ ጓደኞችህ ጠበቃ ሆነው አይቆሙልህም። ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሂድ፤ ጠመንጃውን ቤት ትተህ ሂድ። ዓይነቱን፣ የጥይቱን ውፍረት፣ ከማን እንዳገኘኸው ተናገርና ምን እንደሚጠበቅብህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ብታገኝ ጥሩ ነው። የምትጠይቀው ስለ መያዝ ብቻ እንዳይሆን፤ መፍታትና መለወጥንም ጨምረህ ጠይቅ።

ሕጉ እንዳለ ሆኖ ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አገራችን ያለችበትን የግጭት ሁኔታ እኔ አልነግርህም፤ አንተም እዚሁ ነህ። ከሩቅ የሚያይህ ሰው የሚያየው ሰደፍና አፈሙዝ ነው። ሞላ ይሁን ባሩድ ከ100 ሜትር ላይ አይለይም፤ ለመለየትም ጊዜ የሚሰጥህ የለም። ስለዚህ በሞጣም ይሁን በብቸና መንገድ ላይ ይዘኸው አትታይ፣ በገበያ ቀን አታውጣው፣ ትከሻህ ላይ አንግበህ ፎቶ አትነሣ። ጥቁር ቀለም ቀብተህ፣ መነጽር ደርበህ፣ ማንገቻ አድርገህ «እውነተኛ» ለማስመሰል የምታደርገው ሁሉ በሕይወትህ ላይ የምታደርገው ነው። ሰደፉ በእንጨት መልኩ ይቅር። ጊዜው ካልፈቀደ ደግሞ ጠቅልለህ አስቀምጠው፤ እስኪያልፍ ድረስ ብረት አይራብም።

2. ምን እንደያዝክ እወቅ።

አየር ጠመንጃ የልጅ መጫወቻ ሆኖ የተጀመረ እንዳይመስልህ። በ1780ዎቹ ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ የሚባል ሰው የሠራውን አየር ጠመንጃ ይዞ ነበር። ያ መሣሪያ ሰደፉ ውስጥ አየር ታምቆበት በተከታታይ ይተኩስ ነበር፤ በኋላም አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ የአሜሪካን ምዕራብ ሲያስሱ አንድ አየር ጠመንጃ ይዘው ነበር። እኛ ምንሽርና ውጅግራ ሳንል ገና ሌላው ዓለም በአየርም ይሞክር ነበር ማለት ነው።

የአንተው አፈሙዙን ወደታች አጥፈህ የምታቀባብለው ዓይነት ነው። አፈሙዙን ስታጥፍ አንድ ወፍራም ሞላ ይታመቃል፣ ከፊቱም ፒስተን አለ። ቃታውን ስትስብ ሞላው ይለቀቅና ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ጨምቆ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ ጥይቷን የሚገፋት ያ አየር ነው። ሁሉም ነገር በቅጽበት ያልቃል። አየሩ ያን ያህል ፈጥኖ ሲጨመቅ በኃይል ይግላል፤ ናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሣው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይህችን ነገር ያዛት፤ ስለ ዘይት ስነግርህ ትፈለጋለች።

በጠርሙስ አየር የሚሞላ ሌላ ዓይነትም አለ። የዚያ ግፊት 200 ባር ሊደርስ ይችላል። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ነው። ልዩነቱን አንተው አስላው። ያንን ዓይነት ማንም ቢያመጣልህ፣ ቢለምንህም፣ ቤት ውስጥ እንዳትፈታ።

3. ጣትህን ጠብቅ።

አፈሙዙ ታጥፎ፣ ሞላው ታምቆ ሳለ ያለው አደጋ ሰዎች አይገባቸውም። በዚያ ሁኔታ ቃታው ቢነካ ወይም ቢያመልጥ አፈሙዙ ተመልሶ ይዘጋል፤ መሐል ያለ ጣት አይተርፍም። ጥይት ስታጎርስ ሁልጊዜ በአንድ እጅህ አፈሙዙን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ለጓደኛ ለማሳየት ብለህ ክፍት ሳለ ቃታ አትሳብ፤ ጣት ቢተርፍ እንኳ አፈሙዙ ወደላይ ይጎብጣል፣ የጎበጠ አፈሙዝ ደግሞ ሊቃና ቢችልም እንደ ድሮው አይሆንም።

ባዶውንም አትተኩስ። ጥይት ከሌለ ፒስተኑን የሚያቆም የአየር ትራስ አይኖርም፤ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ብረት ለብረት ይላተማል። አቀባብለህ አትተወው፣ ተቀባብሎ አይደር። ሞላ ታምቆ ቢያድር ይደክማል፣ ቤት ውስጥም ሕፃን አለ።

4. ጉልበት አትጨምርበት።

የመጣህበት ጉዳይ ይኼ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ልንገርህ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ጠንካራ ሞላ መግጠም ነው። ከመኪና ወንበርም ይሁን ከሞተር ሳይክል የተነቀለ ሞላ ቆርጦ ሊያስገባ ይከጅላል። ሞላው ሲጠነክር ግን ምን ይሆናል? ፒስተኑ በበለጠ ፍጥነት ይሄድና ጫፉ ላይ ይመታል፤ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደፊት ይዘላል። ጥይቷ አፈሙዙን ሳትለቅ ነው ይኼ ሁሉ የሚሆነው፤ ስለዚህ አፈሙዙ እየተወዛወዘ ትወጣለች። ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ለማቀባበል ሁለት እጅ ያስፈልግሃል። ፍጥነቱ ቢጨምርም የምትመታው ነገር ይቀንሳል።

ይህ የትም አገር እውነት ነው፤ ግንደወይን ላይ ግን ይብሳል። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ተለክተው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እኛ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ወደ ጮቄ ተራራ ባቀናህ ቁጥርም እየሳሳ ይሄዳል። ሲሊንደሩ ስፋቱ ያው ሆኖ በውስጡ ያለው አየር ግን ያነሰ ነው። የሚጨመቀው ሲያንስ ፒስተኑን የሚቀበለው ትራስ ይሳሳል። ስለዚህ ምንም ሳትነካው እንኳ ያንተ ጠመንጃ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከሚተኮሰው የበለጠ ራሱን ይመታል። በዚያ ላይ ጠንካራ ሞላ ብትጨምርለት የምታጠነክረው ድብደባውን ነው። «የተሻለ ሞላ ጠፋ» ብለህ ከማዘን ይልቅ ደጋ ላይ ለስለስ ያለ ሞላ እንደሚሻል አስብ።

ጉልበት ጉልበት የሚሉህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የኦሎምፒክ የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሎስ አንጀለስ ጀምሮ አለ። ርቀቱ 10 ሜትር፣ ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ የኢላማው መሐል ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ነው። እነዚያ የዓለም አንደኞች የሚተኩሱባቸው ጠመንጃዎች ጥይቷን በሰከንድ 175 ሜትር ገደማ ነው የሚያስወጧት፤ ኃይሏ 8 ጁል አካባቢ መሆኑ ነው። ጀርመን ያለ ፈቃድ ለአዋቂ የምትሸጠው እስከ 7.5 ጁል ድረስ ሲሆን፣ እንግሊዞች ደግሞ 16 ጁል ገደማ ላይ ያጥሩታል። ከዚያ በላይ የሆነው እንግሊዝ አገር እንደ ባሩድ ጠመንጃ ፈቃድ ያስጠይቃል። ሕግ ጉልበትን ተከትሎ እንደሚከብድ ከዚህ ተማር፤ ዛሬ በሞላህ የምትጨምረው ነገ ቁጥር 1 ላይ ያስጠይቅሃል።

ሌላም አለ። ጥይቷ ወገቧ ቀጭን፣ ቀሚሷ ሰፋ ያለ ናት፤ አቅጣጫዋን የምትጠብቀው በዚያ ቅርጿ ነው። ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስትጠጋ ግን ትናወጣለች። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ጽፈው የሚሸጡ ፋብሪካዎች ይህን አይጽፉም። ያንን ቁጥር በቀላል ጥይት ለክተው ይጽፉታል፣ ልጆችም በቁጥሩ ይገዛሉ።

5. ማሻሻል ካማረህ እነዚህን አሻሽል።

አሁን ካቻቢቴህን አንሣ። ጥሩ ካቻቢቴ ይሁን፤ አፉ የተበላ ከሆነ የቡሎኑን ራስ ያበላሽና መልሰህ መፍታት ያቅትሃል።

መጀመሪያ ሰደፉን ከብረቱ ጋር ያያያዙትን ቡሎኖች እይ። ጠመንጃ ያለ ምክንያት መሳት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እነሱ ናቸው። ጠበቅ አድርግ፣ ነገር ግን እንጨቱ እስኪጮህ አታጥብቅ። መልሰው እየላሉ ካስቸገሩህ አንድ ጠብታ የእህትህን የጥፍር ቀለም ክሩ ላይ አድርግ፤ ይይዛል፣ ስትፈልግም ይፈታል። ለብረት የሚሆን ኃይለኛ ማጣበቂያ ግን አትጠቀም።

ቀጥሎ አፈሙዙ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ያለችውን ቀለበት ጎሚኒ ተመልከት። ትንሽ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ብዙ ነገር የምታበላሸውም እሷ ናት። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ መገጣጠሚያው ላይ አድርግ፣ ጥይት አጉርስና አስተማማኝ ኢላማ ላይ ተኩስ። ሶፍቱ ከተርገበገበ አየር እያመለጠ ነው። አሮጌዋን በመርፌ በጥንቃቄ አውጣ፣ ውፍረቷንና ዲያሜትሯን በካሊፐር ለካ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡም፣ የሞተር ሳይክል ጋራዦችም መጠኗን ካወቅክ ሊያገኙልህ ይችላሉ። ከጎማ ቁራጭ በምላጭ የተቆረጠ አትግጠም፤ ሁለት ቀን ይሠራና ይበላል።

ከዚያ አፈሙዙ ራሱ። ምንሽር ሲወለወል እያየህ ያደግህ ልጅ ነህና እጅህ ወደ ብረት ብሩሽ ይሄዳል። ተወው። ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ይጸዳል፤ ባሩዱ ብረቱን የሚበላ ቅሪት ስለሚተው ነው። እዚህ ባሩድ የለም። ያለው ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ውስጡ ያለው ጎድጓዳ መስመርም ለስለስ ባለ ብረት ላይ የተቀረጸ ነው። ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ በቀጭን የናይለን ክር ጎትተህ ከኋላ ወደ ፊት አሳልፍ፤ ጥቁሩ እስኪቀንስ ድረስ ድገም። በደንብ እየመታህ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንካው።

ቃታውን አትሞርድ። «ለስለስ እንዲል» ብለው በሞረድ የነኩት ቃታ ጠመንጃው መሬት ሲነካ የሚተኩስ ይሆናል። የማስተካከያ ቡሎን ካለው በትንሹ ነካ አድርግ፤ ከሌለው እንዳለ ልመደው።

መነጽር ላድርግበት ካልክ ደግሞ ይህን ስማ። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር አየር ጠመንጃ ላይ ሊሰበር ይችላል። ትልቁ ጠመንጃ ወደኋላ ብቻ ነው የሚመታው፤ የሞላው ግን ወደኋላም ወደፊትም ይዘላል፣ የመነጽሩ ብርጭቆ የወደፊቱን ምት እንዲችል አልተሠራም። የራሱ ማነጣጠሪያ ይበቃሃል። አጎትህም በሱ ነው የኖረው።

6. ስለ ዘይት ረዘም አድርጌ እነግርሃለሁ።

ቤታችን ውስጥ ያለው ዘይት ሁሉ ለብረት የተፈጠረ አይደለም። ጎጃም የኑግ አገር ነው፤ ቅባኑግ በየቤቱ አለ፣ እናቶችም «ትንሽ ጠብ አድርግበት» ይላሉ። ኑግ ለወጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን በቀጭኑ ተቀብቶ ለአየር ሲጋለጥ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይጋገራል። በወራት ውስጥ ቃታው ይያያዛል፣ ፒስተኑ ይጎተታል፤ ለማስለቀቅ ላምባ ሊያስፈልግ ነው። ቅቤም ቢሆን ያው ነው፤ ሲገማ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱ ብረቱን ይበላል። አሮጌ ጠመንጃ ፈትቼ ውስጡ ቡኒ ሙጫ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቱን ስጠይቅ ሁልጊዜ «ተንከባክቤው ነበር እኮ» ይላል።

የስፌት መኪና ዘይት ለውጭው መልካም ነው። አፈሙዙ በሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ጠብ፣ ብረቱን ዘይት በተነካ ጨርቅ አብስ፣ አለቀ። በዚያች በጠባቧ ቀዳዳ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግን እንዳታፈስ። አየሩ ሲጨመቅ በኃይል ይግላል ብዬህ የለ? የገባው የማዕድን ዘይት እዚያው ይቀጣጠላል። ጠመንጃው እንደ ጥይት ይጮኻል፣ ከአፈሙዙ ጭስ ይወጣል፣ ጓደኞችህ ያጨበጭባሉ። በዚያች ሰከንድ የፒስተኑ ክዳን እየተቃጠለ፣ ሞላው እየተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ሆን ብለው ዘይት እያስገቡ የሚያስጮኹ አሉ፤ ጠመንጃቸው ክረምት አይሻገርም። ድምፁም በዚህ ጊዜ ማንን እንደሚጠራ አስብ።

የፒስተኑ ክዳን ቆዳ ወይም ፕላስቲክ መሰል ነው። አሮጌዎቹ ላይ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ አየር ያሳልፋል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ጥቂት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ይፈልጋል። ጠመንጃውን አፈሙዙ ወደ ላይ እንዲሆን አቁመህ በቀዳዳዋ ጠብ ታደርግና ሌሊቱን ታሳድረዋለህ። ፕላስቲክ መሰሉ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አይፈልግም። የሲሊኮን ዘይት ደግሞ ለሞላው አይሆንም፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ አይከላከልም። ለሞላ የሚሆነው ጥቁር፣ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ነው። መካኒኮች ለመኪና እግር መታጠፊያ ስለሚጠቀሙበት ጋራዥ አይጠፋም፤ በጣት ጫፍ የተነካ ያህል ይበቃል። ከፒስተኑ ክዳን ፊት ለፊት ግን ምንም ግራሶ አይግባ።

7. ሞላውን ያለ መጭመቂያ አትፍታ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሞላ ሳይቀባበል እንኳ በመጠኑ ታምቆ ነው የተቀመጠው። የኋላውን ብረት የያዘችውን ቡሎን ወይም ሽብልቅ ስታወጣ ሞላው ፊትህ ላይ ሊወጣ ይችላል። በጉልበትህና በደረትህ ተጭነህ ለመፍታት የሚያስተምሩህ ቪዲዮዎች አሉ፤ እነሱን ተዋቸው። እኔ ቤት ሞርሳና ለዚሁ ብለን በሁለት ብረት ዘንግ የሠራነው መጭመቂያ አለ። ያን ሥራ ከእኔ ጋር እንሠራዋለን። ከመምጣትህ በፊት ግን ጥይት አለመኖሩን፣ አለመቀባበሉን አረጋግጥ፤ ሰደፉንም ቤት ፈትተኸው ና።

8. ጥይት አትቀይጥ።

ጥይት ሲጠፋ የምስማር ቁራጭ፣ የኩሽኔታ ኳስ፣ የእንጨት ስንጥር የሚያጎርሱ ልጆች አሉ። ብረት በጎድጓዳ መስመሩ ላይ ሲያልፍ ይልጠዋል፣ ከግድግዳም ነጥሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ከባትሪ እርሳስ አቅልጦ ጥይት ልሥራ ማለት ደግሞ ጤናን መጣል ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ቤተሰብህ ነው። ውፍረቱን ለይ፦ 4.5 እና 5.5 ሚሊ ሜትር በሰፊው የሚሸጡት ናቸው፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ተዛመድ። ከ10 ሜትር፣ ጠመንጃውን በለስላሳ ነገር ላይ በትንሹ አሳርፈህ፣ ሳታንቀው፣ አምስት ጥይት ተኩስ። አምስቱም በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ውስጥ ካረፉ ጠመንጃህ ጤነኛ ነው። ካልሆነ የቁጥር 5ን ቡሎኖች መልሰህ እይ፤ ሞላውን አትማ።

እርሳስ መርዝ ነው። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፣ ጣታችን ማንኪያችን ነው። ጥይት የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፤ ጥይት በአፍህ ይዘህ አትጠብቅ፤ የምትሰበስበውን ስብርባሪ ልጆች በማይደርሱበት ጣሳ ውስጥ አኑር።

9. ከኢላማው ጀርባ ማን አለ?

ከዓይን ውጪ የሆነ ነገር አለ ብለህ አስብ። የሞላ ጠመንጃ ጥይት ከ100 ሜትር በላይ በደህና ይሄዳል፣ ዓይን ለማጥፋት ደግሞ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። በእኛ አገር ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ እረኛ አለ። የቆርቆሮ አጥር አያስተማምንም፣ ድንጋይና የወይራ ግንድ ደግሞ ጥይቷን ይመልሷታል። ጥልቅ የእንጨት ሣጥን ሠርተህ በአሮጌ ጨርቅና በጭቃ ሙላው፤ ከኋላው ተረተር ወይም የገደል ግድግዳ ይኑር። አንተም የሚያይም ሰው የዓይን መከላከያ አድርጉ።

ወፎቹንም ተዋቸው። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ አደንን ይከለክላል። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምታርፈው አንገቷ ነጭ የሆነች እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የላትም አገር። ደብሩ ቅጽር ውስጥ እርግብ ለመምታት ያነጣጠረን ልጅ ካህናቱ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የቆሰለች ወፍ በርራ ትሄድና ሌላ ቦታ ትሞታለች፤ አሞራ ይበላታል፣ በውስጧ ያለው እርሳስም ወደ አሞራው ይሄዳል።

10. ክረምቱን እንዴት ታሳልፈዋለህ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእኛ አየር ውኃ ነው። ጠመንጃ በፕላስቲክ ጠቅልለህ ብታስቀምጠው ርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ መስከረም ላይ ዝገት ታወጣለህ። በቆዳ ከረጢትም ለረጅም ጊዜ አይቀመጥ። ደረቅ፣ ጭስ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ በዘይት በታበሰ ጥጥ ጨርቅ ሸፍነህ አስቀምጥ። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ ሁለቱም ቁልፍ ያለው ይሁን። እጅህ ላብ አለው፤ ይዘህ በተመለስክ ቁጥር ብረቱን አብስ፣ የጣት አሻራ ደጋ ላይም ዝገት ይጽፋል።

የእንጨቱን ነገር በመጨረሻ። ቅባኑግን ከብረቱ ብከለክልህም የመድረቅ ጠባዩ እንጨት ላይ አይከፋም፤ የተሻለው ግን የተልባ ዘይት ነው። የአጎትህ ሰደፍ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አሳልፈህ ዱቄቱን አብስና በጣም ስስ አድርገህ በጨርቅ ቀባ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረግ፣ በፀሐይና በነፋስ ቀናት ስጠው፤ ሲደርቅ ድገም። የቀባህበትን ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል፤ ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ እየደረቀ ይግላል፣ በራሱም ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ወይ በገመድ ላይ ዘርግተህ አድርቀው። ይህን በዚህ ሳምንት ጀምረው፤ የጎሚኒዋን ልክ ደግሞ በወረቀት ጽፈህ ላክልኝ፤ ደብረ ማርቆስ የሚወርድ ሰው አለ፣ ከዚያ ያመጣልሃል።